ጀርባ የሌለው ባንጆ

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ሰፈራችን ውስጥ ነበር። ደምለው ይባላል። እጁ እንጂ አፉ የማይሠራ፣ ዝም ያለ ሰው።

ጎረቤቴ ሽታዬ የሟች ባሏን ባንጆ ከነከረጢቱ ወሰደችለት። ባንጆ እንደ ከበሮ ክብ ሆኖ ፊቱ ቆዳ የተወጠረ፣ አንገቱ ረጅም፣ እንደ ክራር የሚመታ የፈረንጅ ዕቃ ነው። ባሏ ልሳኑ በጉርምስናው የሙዚቃ ባንድ ውስጥ፣ ኋላም እቤቱ ይጫወትበት ነበር። ከሞተ ወዲህ ቁም ሳጥን ላይ ተጥሎ ቆዳውን አይጥ በላው፣ አንገቱም ጎበጠ።

«ልጄ ከፋሲካ በኋላ ይሞሸራል» አለችው ለደምለው። «አባቱ ባይኖር ድምፁ እንኳ ይኑርለት።»

ደምለው ሦስት ወር ለፋ። የፍየል ቆዳ ነክሮ ወጠረ፣ አንገቱን አቃና፣ ክሩን ለወጠ። ሲመልስላት እኛም ልናይ ተሰበሰብን። እኔ አላስችል ብሎኝ ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ! እንደ ወንፊት ክፈፍ ብቻ!

«ኧረ ሽታዬ! ክራር እንኳ ሆድ አለው። የዚህ ጀርባ የት ገባ?»

«እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው ስሰማ የኖርኩት። ጀርባውን መች አየሁት?»

«የድሮ እንጨት ውድ ነዋ! ነቅሎ ለሌላ ዕቃ አድርጎት ነው። እንዲህ ዝም የሚል ሰው መች ይታመናል?» አልኳት።

ወሬው ወፍጮ ቤት ደረሰ፣ ከወፍጮ ቤት ገበያ ወጣ። ወር ሳይሞላ የደምለው ደጅ ጭር አለ። ሽታዬም ሞኝ እንዳትባል፣ ሄዳ ሳትጠይቀው አናጺ ጠርታ ጀርባውን በጣውላ አስመታችው።

የሠርጉ ዕለት የልሳኑ የድሮ ጓደኛ አንስቶ ቢመታው፣ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ታፈነ። ሽታዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይሄ የሱ ድምፅ አይደለም።»

ሰውዬው ገልብጦ አየና ሳቀ። «ማነው የደፈነው? ይሄ እኮ ሲሠራም ጀርባ የለውም! ጀርባው የልሳኑ ሆድ ነበር። ጠጋ ሲያደርገው ዝግ ይላል፣ ራቅ ሲያደርገው ይጮኻል።»

ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የልሳኑ ሸሚዞች ሁሉ ሆዳቸው ላይ በክብ ሳስተው፣ ገመድ ላይ ተሰጥተው አይ ነበር። ያኔም «ሽታዬ ፈትጋ ጨረሰችው፣ ማጠብ አታውቅም» ብዬ አውርቻለሁ።

ጣውላውን በጉጠት ነቀሉት። ባንጆው ሲጮህ ሙሽራው ከመቀመጫው ተነሳ። «አባዬ ነው!» አለ። ያላለቀሰ አልነበረም።

በማግስቱ እኔና ሽታዬ ይቅርታ ልንጠይቀው ወደ ደምለው ሄድን። ቤቱን አስረክቦ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘንም። የሰው ሁሉ መግቢያና መውጫ የማውቀው እኔ እንኳ የሱን አላወቅኩም።

ዓይን አየ ማለት ልብ ገባው ማለት አይደለም። የጎደለ የመሰለን ነገር አፈጣጠሩ ይሆናልና፣ ሌባ ከመፈለጋችን በፊት ሠሪውን እንጠይቅ። ጣውላ ጉጠት አለው። ለወሬ የሚሆን ጉጠት ግን ያየ አለ?

እስቲ እናንተስ፣ ሳትጠይቁ የማንን ደጅ ጭር አድርጋችኋል?