ወደ ወንዙ፣ በንጉሡ ደጅ በኩል

በዚያ ጫካ ወደ ወንዝ መውረድ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ኮረብታው ይወጣ ነበር። የአንበሳው ደጅ እዚያ ነው፤ ንጉሡን እጅ ሳይነሱ ውሃ መጠጣት ነውር ነው ተብሎ ከተደነገገም ቆይቷል። እጅ የነሳ ትንሽ እንስሳ በጎሽ ጀርባ ተጭኖ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የምሥራቁ ሸለቆ ጥንቸሎች ወንዙ ሲፈስ ከጉድጓዳቸው ይሰሙታል፤ በመካከል ያለው ጥሻ ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ግማሽ ቀን ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ሲደርሱ የጎሾቹ ጀርባ በሌሎች ሞልቷል።

ጉርምርምታው ሲበዛ አንበሳው ጃርትን ጠርቶ፣ አዲስ መንገድ የት እንደሚያስፈልግ አጥንቶ እንዲያቀርብ አዘዘው። ጃርት የቆጠረውን ደግሞ የሚቆጥር፣ ሁለቱ ሲስማሙም የሚጠራጠር ጠንቃቃ ነበር። ሠላሳ ቀን ዱካ ሲቆጥር ከረመ። ለየመቶው ዱካ ከጀርባው አንድ እሾህ እየነቀለ መሬት ላይ ይተክል ነበር። ሲጨርስ ጀርባው ሳስቶ፣ እሱም ለመናገር እንኳ ደክሞት ነበር።

በጉባኤው ዋዜማ እመት ጥንቸል መንገድ ላይ ጠብቃ አገኘችው።

«በእኛ በኩል ስንት ዱካ አገኘህ?»

«ከሸለቆው ቀጥታ ወደ ወንዙ? ምንም።»

«ታዲያ በዚያ ጥሻ በክንፍ እንለፍ?» አለችው። «ትንሹ ልጄ በውሃ ጥም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሳም፣ አያ ጃርት። ነገ ይህን ተናገርልኝ።»

እናገራለሁ አላት። እንዳለም ራሱን ተጠራጠረ።

በማግስቱ የንጉሡ አማካሪ ጅብ የጃርትን ጥናት ለጉባኤው አሰማ። «ወደ ንጉሡ ደጅ ሰማንያ እሾህ። ከሸለቆው ወደ ወንዙ ባዶ። ማንም ለማይሄድበት መንገድ ይጠረጋል እንዴ?»

ጦጣዎቹ ሳቁ። ጃርት ተነሥቶ፣ «ወደ ደጁ ዱካው የበዛው...» ብሎ ጀመረ።

«ወደውኝ አይደለም የሚመጡት?» አለ አንበሳው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ጃርት ጥቂት አሰበ። «ያንን አላጠናሁም፣ ንጉሥ ሆይ» አለና ተቀመጠ። መልሱ ትክክል ነበር። በጉባኤው ጥግ የተቀመጠችው እመት ጥንቸል ቀና ብላ አላየችውም።

የደጁ መንገድ በእጥፍ ሰፋ። በወሩ ጉባኤ ጅብ፣ «ግፊያው ቀንሷል፤ ጎሾቹ ቦታ ተርፏቸው ነው የሚወርዱት» ብሎ አበሰረ። ተጨበጨበ።

አንበሳው ወደ ጃርት ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ትናንት ወደ ሸለቆው ወርጄ ነበር። ከዚያ የሚመጣ የለም። አቅም ያላቸው ተሰደዋል። እመት ጥንቸል ልጇን ቀብራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣለች።»

«መንገዱን አስፍተንላቸው?»

ጃርት እንደ ልማዱ የሚናገረውን ቃል በቃል መረመረ፤ የሚያርመው አላገኘም።

«የሰፋው መንገድ ወደ እርስዎ ደጅ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። እነሱ የፈለጉት ውሃ ነበር።»

ጎሾቹ ማመስኳታቸውን አቆሙ። አንበሳው ጅብን አየው፤ ጅብ መሬት መሬቱን አየ።