ሁሉም እንዲያናፋ የታዘዘበት ሸለቆ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ተባብረው አንበሳን ከዙፋኑ ባባረሩ ማግስት፣ «ከእንግዲህ ጌታም ሎሌም የለም፤ ሣሩም ውኃውም የጋራ ነው» ተባለ። አህያ ዕድሜ ልኩን ተጭኖ የኖረ ምስኪን ነውና ሊቀመንበር ሆነ። ቀበሮ ጸሐፊ ሆነች። አያ ጅቦም «ሥጋ እርም ብያለሁ» ብሎ ስለማለ ጥበቃው ተሰጠው። ይህንንም አመኑት።

ለትንሽ ጊዜ ኑሮው ደግ ነበር። ኋላ ግን ቀበሮ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ በጓ ባአ፣ ላሟ እምቧ እያሉ እንዴት አንድ እንሆናለን? ሁሉም እንደ እርስዎ ያናፋ» አለች። አህያ ደስ አለው። በገዛ ድምፁ የጮኸ ሁሉ «ጠባብ» ተብሎ እንዲታሰር ታወጀ። ጅብ ምራቁን ዋጠ፤ የአህያ ድምፅ ድሮም ይወዳል። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ፍየሏ እየሳለች፣ ላሟ እያፈረች ያናፉ ጀመር።

አንድ ከሰዓት ጭጋግ ሸለቆውን ሸፈነው። የበጓ ግልገል ገደል አፋፍ ላይ ቀረ፤ ከእግሩ ሥር ያለውን አያይም። እናቲቱ ወደ ሊቀመንበሩ ሮጠች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዴ ብቻ በድምፄ ልጥራው። ገደል ሊገባብኝ ነው።»

«እኔስ ጨክኜ ነው?» አለ አህያ። «ዛሬ ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ፍየሏ ትነሣለች፤ ቀጥሎ ላሟ። አንድነታችን ይፈርሳል። እኔው እጠራልሻለሁ፤ ልጅሽ ልጄ አይደል?»

ከልቡ ነበር። ጉሮሮው እስኪደርቅ አናፋ። ግልገሉ ግን ደንግጦ ይብሱን ወደ አፋፉ ሸሸ፤ ጠጠር ወደ ታች ሲንከባለል ተሰማ።

በጓ አላስቻላትም። ባላት ድምፅ ሁሉ «ባአ» አለች።

«ጠባብ» አለች ቀበሮ።

«እንሰራት ወይስ እንብላት?» አለ ጅብ።

ሊነሣ ሲል ፍየሏ «ሜኤ» ብላ ከፊቱ ቆመች። ላሟ ቀንዷን ዝቅ አድርጋ «እምቧ» አለች። ፈረሱም አሽካካ። አያ ጅቦ የላሟን ቀንድ ሲያይ መልሶ ተቀመጠ።

በጓ ደግማ ጠራች። ከጭጋጉ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰላት። ግልገሉ እየተንገዳገደ መጣ፤ አህያውን አልፎ እናቱ ጡት ሥር ገባ።

«ያን ያህል ስጠራው የት ነበር?» አለ አህያ፣ እንባ አቅርሮ።

«እዚያው ነበር፣ ጓድ» አለች በጓ። «መጥራቱንስ ከልብዎ ጠሩ፤ እናቱ ግን አይደሉም።»

ከዚህ የምንማረው የጋራ ቤት የሚጸናው ሁሉም በአንድ አፍ ሲጮህ ሳይሆን እያንዳንዱ ልጁን በገዛ አንደበቱ መጥራት ሲችል መሆኑን ነው።