የኤሊ ጥያቄና የጦጣ አዎ

ተረት መጥታለች፣ በሩን ክፈቱላት! ከፈታችሁ? እሰይ!

በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አራዊት ማኅበር ነበራቸው። አንዱ በኮባ ቅጠል ላይ የጻፈውን ርግብ ለሁሉም ታደርሳለች።

አንድ ቀን ኤሊ እንቁላሎቿ ማዶ ሳሉ ወንዙ ሞላባት። ቶሎ ብላ ጻፈች፦ «ወገኖቼ፣ መሻገሪያው በዋርካው በኩል ነው ወይስ በሾላው በኩል?»

መጀመሪያ የችኩሏ የጦጣ መልስ ደረሰ። የኤሊን ጥያቄ ገልብጣ፣ ከበላዩ «አዎ!» ብላ ጽፋለች።

«ኧረ የቱን ነው አዎ ያልሽው?» አለች ኤሊ።

አህያ ደግሞ ፊደል ካላገዘፈ የተሰማ አይመስለውም። «በ» የምትለዋን ብቻ ጽፎ ቅጠሉ አለቀበት። «በዋርካው»ም የሚጀምረው በ«በ»፣ «በሾላው»ም በ«በ»! ጉድ እኮ ነው!

በቀቀን የሰው ቃል መዝለል ነውር ነው ብሎ፣ የኤሊንም የጦጣንም የአህያንም፣ የአምናውን የእንቁጣጣሽ ሰላምታ ሳይቀር ገልብጦ ዘጠኝ ቅጠል ላከ። «በዋርካው ነው» ያለው ዘጠነኛው ግርጌ ላይ ነው። ኤሊ ግን ሦስተኛው ላይ ዓይኗ ፈዘዘ።

በመጨረሻ የአዞ መጣ። ጥያቄዋን ብቻ ገልብጦ፣ ከሥሩ በሚያምር ፊደል «በሾላው በኩል ነው፣ እመቤቴ። እኔም እዚያው ነኝ» ይላል።

«ተመስገን! አንድ ጨዋ አገኘሁ!» አለች ኤሊ፣ ወደ ሾላው እያዘገመች።

በሳምንቱ ርግብ ጨንቋት ለማኅበሩ ጻፈች፦ «ኤሊ ተሻግራለች ወይስ አልተሻገረችም?»

ጦጣ ከሁሉም ቀድማ መለሰች፦ «አዎ!»

ተረቷ ወጥታለች፣ በሩን ዝጉ።