በሁለት ቀፎ የተለወጠው ዳማ ፈረስ

ፈረስ የገባበት አባባል ሲነሳ ሰው ሁሉ ጦርና ጋሻ ይታየዋል። አሁን መነሻውን ልነግራችሁ ያሰብኩትንም ብዙዎች የጦር ሜዳ ቃል ያደርጉታል፤ አንዱ ጎራዴ ያስመዝዝበታል፣ ሌላው ነጋሪት ያስጎስምበታል። እኛ አገር ግን፣ ከእንጅባራ በላይ ባለው ደጋ፣ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ነገሩ የተነሳው ከአንድ ግቢ ነው፤ ጠቡም የባልና የሚስት ነበር ይላሉ። እንደሰማሁት ላውራችሁ፤ የጨመርኩት ካለም ጥቂት ነው።

ስንሻው የሚባል ገበሬ ነበር። መልከ መልካም፣ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ፣ በድንችና በገብስ ማንም የማይደርስበት ሰው። ይህን የመሰለው ጎበዝ ፈረስ ይፈራል። እዚያ አገር ደግሞ ገበያ የሚኬደው በፈረስ፣ ሰርግ በፈረስ፣ ለቅሶ በፈረስ ነው፤ መሬቱ እንኳ የሚታረሰው በፈረስ ነው። ስንሻው ግን «በእግር መሄድ ለጤና ደግ ነው» እያለ ገበያ ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፣ ከሁሉ ኋላ ይደርሳል።

እግዜር መቀለድ ሲያምረው ይህን ሰው ከባላምባራስ ላቀው ልጅ ከአንጓች ጋር አጋባው። ባላምባራስ ከሰው ይልቅ ፈረስ የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ አንጓችም የአባቷ ልጅ ናት። ስትዳር ከውርንጭላነቱ ጀምራ በእጇ ያሳደገችውን ዳማ ፈረስ ይዛ መጣች። «ለሁለታችሁም ሰጥቻችኋለሁ፤ ፈረሱ ግን የእሷ ነው» አሉ ባላምባራስ። አባት ሲሰጥ እንዲህ ነው።

በክረምቱ መጨረሻ አንድ እሑድ ስንሻው ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ዳማውን ጭኖ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሳቁን ፈርቶ ወደ ሳቁ መሄዱ ነበር። ከደጀ ሰላሙ ሲደርስ አንድ ቄስ ጥላቸውን ዘረጉ። ዳማው በርግጎ ወደ ጎን ዘለለ፣ ስንሻው ጋማው ላይ ተጠመጠመ፣ ከዚያ የተገኘው ሳማ መሐል ነው። ምእመናኑ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንቀጠቀጡ፤ አንጓችም ሳቀች፣ ይህን አልደብቅም። ለስንሻው የእሷ ሳቅ ከሳማው ብሶ አቃጠለው።

መስከረም ላይ አንጓች ለአክስቷ ለቅሶ ማዶ አገር ሄደች። በዚያው ሰሞን ጓዴ የሚባል የፈረስ ነጋዴ በስንሻው ደጅ አለፈ። ጓዴ ጥርስ አይቶ የፈረስ ዕድሜ፣ ዐይን አይቶ የሰው ሞኝነት የሚያውቅ ሰው ነው።

«ያ ዳማ አስቸገረህ መሰለኝ» አለው።

«ኧረ ተወኝ አያ ጓዴ!»

«ሁለት ቀፎ ከነንቡ ልስጥህና ልገላግልህ?»

ስንሻው ሁለቴ አላሰበም። «ንብ መቼስ ሰው አይጥል!» ብሎ ተስማማ።

አንጓች ከለቅሶ ስትመለስ በረቱ ባዶ ነው።

«ፈረሴስ?» አለች።

«ለወጥኩት።»

«በምን?»

«ያውልሽ፣ ዛፉ ላይ።»

ቀና ብላ ቀፎዎቹን አየች። ገብታ መደብ ላይ ተቀመጠችና ጠበቀች። የጠበቀችው አንዲት ቃል ነበር፤ «አጥፍቻለሁ» የምትለዋን። ችግሩ ይህች ቃል ከስንሻው አፍ ወጥታ አታውቅም። ሸክም ተሸከም ቢሉት ይሸከማል፣ ገደል ውረድ ቢሉት ይወርዳል፤ አጥፍቻለሁ በል ቢሉት ግን ሌላ ወሬ ያመጣል። አሁንም ራሱን እያከከ «ኅዳር ሲገባ ማር ትልሻለሽ» አላት።

አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ አባቷ ቤት ሄደች። ንቦቹም አልቆዩለትም፤ ዛፉ ሥር አመድ ሳይነሰንስ ቀርቶ ጉንዳን ወጣባቸውና ጥለውት ኮበለሉ። ስንሻው በባዶ ቤትና በሁለት ባዶ ቀፎ መካከል ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ከባላምባራስ መልእክት መጣ። «ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌ አስቀምጣለሁ። ስንሻው ራሱ ይምጣና በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን ይመን። ካልሆነ ንብረታቸውን ይካፈሉና ይለያዩ» የሚል ነበር። ስንሻው ክው አለ። አንጓችን ይወዳታል፤ ከሄደች ወዲህ የሚበላው አይጣፍጠውም፣ ማታ ማታም ከድንች ክምሩ ጋር ብቻውን ያወራል። ሰው ግን የሚሰማው የሚቀለውን ነው። መልእክተኛው «ጥፋቱን ይመን» ሲል እሱ «ፈረሱን ይመልስ» ብሎ ሰማው፤ ባዶ ቀፎዎቹን ተሸክሞ ወደ ጓዴ ገሠገሠ።

«ቀፎህን ውሰድና ፈረሱን መልስልኝ» አለው።

«ከነንቡ ነበር የሰጠሁህ።»

«ንቦቹማ ሄዱ።»

«ሚስትህስ?»

«እሷም ሄደች።»

ጓዴ ሳቁን ለመደበቅ ዞር ብሎ አንድ ያልላላ ጠፍር ማጥበቅ ጀመረ። ሲበቃው «እሺ፣ እመልስልሃለሁ» አለ። «ግን አሁን ብሰጥህ ከደጄ ሳትርቅ ይጥልህና የኔ ስም ይጠፋል። እስከ ሚካኤል እዚሁ ስትሠራ ሰንብት። በረት ጥረግ፣ ሣር እጨድ። ጋማውን ሳትጨብጥ ጋልበህ ከግቢዬ ከወጣህ ፈረሱ ያንተ ነው።»

መጀመሪያ ነገር ጓዴ ኮርቻ አላስነካውም። ዳማውን ጠዋት ጠዋት በጭድ እያሸ ጀርባውን እንዲያጸዳ፣ እግሩን እያነሳ ከሰኮናው ሥር ጭቃና ጠጠር በእንጨት እንዲያወጣ አዘዘው። ዳማው በበኩሉ የስንሻውን ኩታ በጥርሱ ይዞ ጎተተው፤ ስንሻው አጥር ዘለለ። ጓዴ ሲዳር እንኳ ይህን ያህል አልሳቀም አሉ።

«ከኋላው አትምጣበት» ይለዋል። «አንተስ ሰው ከኋላ ድንገት ቢነካህ አትራገጥም?»

ሌላ ቀን ደግሞ «ግላሱን፣ የኮርቻውን ልብስ፣ ከማልበስህ በፊት ጀርባውን በመዳፍህ ዳብሰው። አንዲት ኩርንችት ብትኖርበት አንተን ሳይሆን ኩርንችቷን ሊጥል ይዘላል፤ የምትወድቀው ግን አንተ ነህ። ጠፍሩንም ካጠበቅህ በኋላ ትንሽ አንሸራሽረውና ድገመው፤ ሲጫን ሆዱን ነፍቶ ያታልልሃል» አለው።

«ፈረስም ያታልላል?»

«ከነጋዴ ጋር ሰነበተ እኮ!»

ኮርቻ ላይ የሚቀመጥበት ቀን ሲደርስ ስንሻው ወጥቶ ጋማውን በሁለት እጁ ጨመደደ። ዳማው ጆሮውን አቁሞ ግራና ቀኝ ያይ ጀመር። ጓዴ ልጓሙን ይዞ «አየህ፣ አንተ ስትፈራ እሱ ጅብ የመጣ ይመስለዋል» አለ። «ትንፋሽህን ልቀቀው። ጆሮውን አትይ፣ የምትሄድበትን እይ። ልጓሙንም አትጎትት፤ አፉ ሥጋ ነው። ዘፈን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው የምታውቀውን አውራለት።»

ስንሻው የሚያውቀው ድንች ነው። ስለ ዘር አመራረጥ፣ ሥሩን አፈር ስለ ማስታቀፍ፣ ስለ ዋግ አወራለት። ዳማው አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ አዙሮ አዳመጠ፤ ስንሻውም በወሬው መሐል መፍራቱን ረሳው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀና። ጓዴ የደጀ ሰላሙን ውድቀት ሰምቶ ነበርና አሮጌ ጥላ አምጥቶ ለዳማው ገብስ እያስቆረጠመ አጠገቡ ይዘረጋል፣ ያጥፋል፤ ፈረሱ ጥላ ሲያይ ገብስ መጠበቅ እስኪጀምር ድረስ። ስንሻው በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ በመጨረሻም ጋልቦ ዞረ። ጓዴም እንደ ቃሉ ፈረሱን ሰጠው።

የሚካኤል ለታ ሲሸኘው «እዚያ ስትደርስ ምን ልትል አስበሃል?» ብሎ ጠየቀው።

«ምን እላለሁ? ፈረሱን ያዩት የለ!» አለና ጋለበ።

ባላምባራስ ግቢ ውስጥ ከኮሶው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል። ከሁሉ ትልቋ የባላምባራስ አክስት እማሆይ ደብሬ ናቸው፤ ዐይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ገና አልመነኮሰም። አንጓች ከበሩ ቆማለች። ጓዟ ከበሩ ኋላ ተቋጥሮ ተቀምጧል፤ ወደ ባሏ ቤት የሚመለስ ጓዝ ነው፣ ይህን ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስንሻው ጋማ ሳይነካ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ በሶምሶማ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ፀሐይ ሲበረታባቸው ጥላቸውን ቢዘረጉ፣ ዳማው አጠገባቸው ሄዶ ገብስ ጠበቀ። ባላምባራስ ቁጣቸውን ረስተው ብድግ አሉ፤ የፈረሱን እግር አንስተው ሰኮናውን አዩ፣ ጀርባውን ዳበሱ።

«ቁስል የለው፣ ምን የለው! ማን ነው እንዲህ የያዘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ስንሻው ከፈረሱ እየወረደ፣ ደረቱ ተነፍቶ።

«ላቀው!» አሉ እማሆይ ደብሬ። «የተሰበሰብነው ፈረስ ልንገዛ ነው ወይስ ልጅ ልናስታርቅ?»

ባላምባራስ አፍረው ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እህ፣ ስንሻው፣ ምን ይዘህ መጣህ?» አሉ።

«ፈረሱን።»

«እሱንማ አየነው። ሌላስ?»

«ኮርቻውን አሳድሼዋለሁ።»

«ሌላስ?»

«ግላሱም አዲስ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ሊያግዙት ብለው «ልጄ፣ ስለ ሚስትህ የምትለን የለም ወይ?» አሉት። ስንሻው ልጓሙን ወደ ሽማግሌው ዘረጋና «ፈረሷ እነሆ» አለ።

ባላምባራስ ከልባቸው አዘኑ። «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ወደ ንብረቱ ክፍፍል እንግባ» አሉ። በሩ ላይ የአንጓች ፊት ጠቆረ።

ስንሻው ጨነቀው። ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው የቀናው ነገር ግልቢያ ነውና ተመልሶ ፈረሱ ላይ ወጣ። «ቆይ፣ አረማመዱን ልዩልኝማ!» ብሎ ግቢውን መዞር ጀመረ። ዳማው ግን ያሳደገችውን አይቷል። ዞሮ ዞሮ ሄደና አንጓች ፊት ቆመ። ስንሻው በልጓሙ አዞረው፤ ፈረሱ ሌላ ዙር ዞሮ እዚያው መጥቶ ቆመ። ደግሞ አዞረው፤ ደግሞ መጣ። አሁን አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ አልነቃነቅ አለ። አንጓች ግንባሩን እያሻሸች ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«የምትለኝ ነገር አለ?» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ስንሻው ቁልቁል እግሩን አየ።

«እርካቡ» አለ። «እርካቡ ልክ ነው።»

አንጓች ዐይኗን ጨፍና ከፈተች። «ውረድ» አለችው። ወረደ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እግሯን እርካብ ውስጥ አገባችና ላዩ ላይ ጉብ አለች። «ፈረሴን ስላመጣህልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ከግቢው ወጥታ ጋለበች።

ስንሻው ባዶ እጁን ቀረ። የሚይዘው ልጓም የለ፣ የሚያወራለት ኮርቻ የለ። ሩጫውን ለቀቀው። የታጨደውን ገብስ ማሳ አቋርጦ፣ ረግረጉን እየተንቦጫረቀ፣ ኩታውን እሾህ ላይ ጥሎ ሮጠ። አንጓች ሲርቅ ፈረሷን ገታ ታደርጋለች፣ ሲቀርብ ሶምሶማ ታስመታለች። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አንጓች! አጥፍቻለሁ!» አለ ስንሻው።

«አልሰማሁም!»

«አጥፍቻለሁ! ሳልጠይቅሽ ነው የለወጥኩት! ስትስቂብኝ ተናድጄ ነው! ንብ ሰው አይጥልም ብዬ ነው! አጥፍቻለሁ!»

ቃሏ አንዴ ከወጣች ወዲያ አላባራ አለች። አገሩ ሁሉ ሰማ። አንዲት አጫጅ ሴት «ይቅር በይው እንጂ፣ ሊሞትብሽ ነው!» ብላ ጮኸችላት። አንጓች ልጓሙን ሳብ አድርጋ ቆመች፤ እያለከለከ እስኪደርስ ጠበቀችው። ሳቋ እንባዋን አምጥቶት ነበር። እግሯን ከእርካቡ አውጥታ «ና ውጣ፣ ከኋላዬ» አለችው፤ ወጣ፣ ጋማ ቢያጣ ወገቧን ጨበጠ።

ባላምባራስ ከደጃቸው ቆመው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ይህን ሁሉ አዩ። «ይህ ልጅ ሩጫው እንዲህ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ፈረሱን መቀለብና ግልቢያ መማር ምን አስፈለገው?» አሉ።

እማሆይ ደብሬም መቋሚያቸውን ተደግፈው «እንዴት አያስፈልገው ላቀው፣ ደጅህ ድረስ ታዲያ ማን አመጣው? ከደጅህ ወዲያ ያለው ግን የገዛ ራሱ ሥራ ነበር፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አሉ።