አሥራ ሁለቱ ቀይ ተራሮች

አንድ ጊዜ በድርቅ ዓመት፣ አንበሳ «ጫካውን በኮምፒውተር ላስተዳድር» ብሎ ተነሣ። የእንስሳቱ አድራሻ ሁሉ በእዝባር እየተከፈለ ተመዘገበ፦ «ቀይ ተራራ/ዋርካ ሥር/የኤሊ ቤት»፣ «ቀይ ተራራ/ዋርካ ሥር/የጃርት ቤት»፣ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ቤት፣ ሁሉም በቀይ ተራራ ላይ። ከእነዚህ መስመሮች አንድ ዛፍ የሚሠራ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር፤ ተራራው ግንድ፣ ሠፈሩ ቅርንጫፍ፣ ቤቱ ቅጠል እንዲሆን። ወይዘሮ አህያ በዚያ ዛፍ እየተመራች ለእያንዳንዱ ተራራ በቀን አንድ ጊዜ ውሃ ጭና ትወጣለች፤ ነዋሪው ይካፈላል።

ፕሮግራሙን የጻፈው አያ ጅቦ ነው። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር አንበሳ የሚሰጠኝ ሥጋ ይበዛል ብሎ ሲቋምጥ፣ ሥራውን መለስ ብሎ ሳያይ ቸኩሎ ጨረሰ። ቀበሮ ስህተቱ ገብቷታል፤ ግን ከሥጋው ልትካፈል ተስማምታ ስለነበር «እሰይ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ አጨበጨበች።

በማግስቱ ለአህያ የደረሳት ትእዛዝ «አሥራ ሁለት ተራራ» ይላል። አሥራ ሁለቱም ስማቸው ቀይ ተራራ ነው! ምስኪኗ ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። በአምስተኛው ጉዞ ኤሊ «ኧረ እትዬ፣ ማድጋው ሞልቷል፤ የት ላድርገው?» አለቻት። በዚያ ድርቅ ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። የአህያ ጀርባ ተላጠ። ጭነቱን እዚያው ጥላ አንበሳ ደጅ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ይህ ግፍ ነው! አንዱን ተራራ አሥራ ሁለት ጊዜ ውጪ የሚለኝ ማነው?»

አንበሳ ጅብን አስጠራው።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ጅብ። «አድራሻው ቀይ ተራራ ሲለኝ ተራራ ሠራሁ፤ ቀጣዩም ቀይ ተራራ ሲለኝ ሌላ ሠራሁ።»

«ሌላ ከመሥራትህ በፊት ተራራው መኖር አለመኖሩን አይተሃል?» አለች አህያ።

«ለምን ብዬ አያለሁ? የምሸከመው እኔ አይደለሁ!»

«እንግዲያው ተሸከም» አለ አንበሳ። ግማሹ ውሃ በጅብ፣ ግማሹም ባጨበጨበችው ቀበሮ ጀርባ ላይ ተጫነ።

በሦስተኛው ጉዞ ጅብ እያለከለከ ተቀመጠና አንዲት መስመር ጨመረ፦ ተራራው ካለ ከሥሩ ግባ፣ ከሌለ ሥራው። አሥራ ሁለቱ ተራሮች ወዲያው አንድ ሆኑ።

እንስሳቱ ሳቁ። አህያ ግን አልሳቀችም።

«አንዲት መስመር!» አለች። «ጀርባዬ የተላጠው ለአንዲት መስመር ነው?»



ከዚህ የምንማረው፣ ድካሙ የማይነካው ሠሪ አንዲት ነገር ለማጣራት ሲሰንፍ የሚላጠው የሌላው ጀርባ ስለሆነ፣ የተጫነበት ሁሉ ጭነቱን አውርዶ «ይህ ግፍ ነው» ማለት እንደሚገባው ነው።