የአያ ጓንጉል ዓይን በመስታወቱ ላይ

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት።»

«ምነው፣ ራት ያልቀመሰ ሰው ድምፅ አወጣችሁሳ? እንደገና፤ ተረት ተረት።»

«የላም በረት!»

እንዲያ ነው። በድሮ ዘመን ትርንጎ የምትባል መስታወት ላይ የምትሥል ሴት ነበረች። እጇ ወርቅ ነው፤ አፏ ግን ለከት የለውም። አገሬው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠራና ለምሥራቁ መስኮት ጥርት ያለ መስታወት አስመጣ። ትርንጎም ቤቱን የሠሩትን ሰዎች ሁሉ እንድትሥልበት ታዘዘች።

አሣሣሏ እንዲህ ነው። መልኩን ብራና ላይ ትነድፍና በቢላዋ ትቀደዋለች። ብራናውን መስታወቱ ላይ ታነጥፋለች። ከዚያም በጥቁር ቀለም በራሰ ጨርቅ መታ መታ ታደርገዋለች። በቀዳዳው የገባው ይጠቁራል፤ የተሸፈነው ጥርት ብሎ ይቀራል። ኋላ እሳት ውስጥ ትከተዋለች። ከእሳት ከወጣ ወዲያ ማጥፋት የለም።

ሁሉንም ሣለችና አያ ጓንጉል ብቻ ቀሩ። ያን ሁሉ መስታወት ከቆላ በጀርባቸው ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ አንዲቷንም ሳይሰብሩ። ግን አንድ ዓይናቸው አታይም። በዚያ አገር ሥዕል ደግሞ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ሰይጣን በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው።

ቄሰ ገበዙ መጡና፦ «ሁለት ዓይን አድርጊላቸው፤ ያለዚያ ይቅሩ» አሏት።

አያ ጓንጉልም፦ «ሁለት ዓይን ካደረግሽልኝማ ሌላ ሰው ሣልሽ። ግን ልጄ፣ እዚያ ከሰዎቼ ጋር ብሣል እንዴት ደስ ባለኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ቅዳሴ ቤቱ ነው፤ ለትርንጎ የቀራትም መስታወት አንዲት ናት። ቢላዋዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያም የምታየዋን ዓይን እንደ ደንቡ አጠቆረች። በማታየዋ ቦታ ቁራጭ ብራና ጣል አደረገችና ፊታቸውን ሁሉ በስስ ቀለም አጠየመች። ቁራጯን ስታነሳ ከሥሯ የጠራ መስታወት ቀረ። «እንግዲህ የመጣው ይምጣ» አለችና እሳት ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መስታወቱ መስኮቱ ላይ ተገጥሞ ቤቱ በሰው ሞላ። ቄሰ ገበዙ ቀና ብለው ቢያዩ ከአያ ጓንጉል ፊት የጠቆረው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ተቆጡናም፦ «አንቺ ሴት፣ በቤተ መቅደስ ሰይጣን ሣልሽብን?»

ይህን ጊዜ ፀሐይ ወጣች። ብርሃኑ በቀለሙ በኩል ደብዘዝ ብሎ ገባ። በዚያች ቀለም ባልነካት ዓይን ግን ቦግ ብሎ ገባና ወለሉ ላይ አረፈ። ልጆች እየተጋፉ መዳፋቸውን ዘረጉበት። አሮጊቶች እልል አሉ። ቄሰ ገበዙ ግራ ገብቷቸው ጠጋ ቢሉ ብርሃኑ ካባቸው ላይ ወደቀና ከወለሉ ጠፋ።

አያ ጓንጉልም፦ «አባ፣ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ያቺ ዓይኔ ማየት የጀመረችው ገና አሁን ነው» አሉ።

ቄሰ ገበዙም ሳቃቸው አመለጣቸውና ፈቀቅ አሉ።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፤ አፌንም በዳቦ አብሱ። ደረቁን ብቻ እንዳይሆን ታዲያ፣ ቅቤም ጣል አድርጉበት።