የእመት ጃርት ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ አያ አንበሶ ጥርሱ አልቆ በቀስት ማደን በጀመረበት ዘመን፣ ከወንዙ ዳር ከሾላው ሥር ፍላጻ እየሳለች የምትኖር እመት ጃርት የምትባል ባለሙያ ነበረች። ረዳቷ አህያ ነው። ውኃ ይቀዳል፣ ድንጋይ ያመጣል፣ ከሁሉ በላይ ግን ጭኑን ያበድራል። እመት ጃርት የሳለችውን ስለት የምትፈትነው በአህያ ጭን ላይ ነበርና፤ ፀጉሩን እንደ ምላጭ ሙልጭ አድርጎ ካልላጨ ሥራው አላለቀም። ከዚህ የተነሣ የአህያ ግራ ጭን መላጣ ሆኖ ቀርቷል። እሱ ግን ይኮራበታል እንጂ አያፍርበትም።

አንድ ቀን አያ አንበሶ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ መጣና አፈ ሰፊ ፍላጻውን ከእግሯ ሥር ወረወረው።

«ትናንት ጎሹን መታሁት፤ ይህ ዶልዱም ግን ነጥሮ ወደቀ!» ብሎ አገሣ።

«ማን ነበር የሳለው ጌታዬ?»

«ራሴ ነኛ!»

እመት ጃርት ፍላጻውን አንሥታ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሦስት ቀን ጦሜን አደርኩ» አለ አያ አንበሶ። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎሾቹ ውኃ ሊጠጡ ይወርዳሉ፤ ያኔ ተመልሼ እመጣለሁ። ደርሶ ከጠበቀኝ አድንበታለሁ። ካልደረሰ ግን...» አለና አህያን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ «እራቴ እዚሁ ቆሟል።»

አህያ ሾላው ጀርባ ተሸሸገ። እመት ጃርት ግን፣ «አይዞህ፤ መፍራቱን ለማታ አቆየውና ውኃ አምጣ» አለችው።

ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ሻካራው ድንጋይ ላይ አሸችው፤ አንዱን ጎን ሃያ ጊዜ ከሳበች ሌላውንም ሃያ ጊዜ። ቀጥላ ለስላሳውን ድንጋይ ውኃ አጠጥታ ደገመችው። ብረቱ ማብረቅረቅ ሲጀምር አህያ፣ «አለቀ! ተረፍኩ!» ብሎ ዘለለ።

«ገና ነው» አለችው። «ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል የተቆለመመች ብረት ቀርታለች። እሷ እያለች ስለቱ ለዓይን ያምራል እንጂ ቆዳ ሲነካ ይተኛል። የጌታችንንም ፍላጻ ያነጠረችው እሷ ናት። እሷን የሚያነሣት ያ ብቻ ነው።» ከሾላው ቅርንጫፍ የተንጠለጠለውን ሞራ የጠገበ ሰፊ ጠፍር አሳየችው። እመት ጃርት ከሥራዋ ሁሉ ይህን መጨረሻውን ትወደዋለች፤ ብረቱ ጠፍሩ ላይ ሲንሸራተት ልቧ ደስ ይላታል። እናም የድንጋዩን ብናኝ ሊያጥቡ ሁለቱም ወደ ወንዙ ወረዱ።

ለካስ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተኝቶ ሁሉን ሰምቷል። ቁጭ ብሎ አሰበ፤ ማሰብ ለሱ ከባድ ሥራ ነው። «ጠፍሩ ከጠፋ ስለቱ አያልቅም። ስለቱ ካላለቀ አህያው ይበላል። አያ አንበሶ ጥርስ የለው፤ ታዲያ አጥንቱን ማን ሊቆረጥመው ነው? እኔ!» ደግሞስ ጠፍሩ ሞራ ሞራ ይሸታል። ቅርንጫፉን ጎትቶ ጠፍሩን ከነሞራው ዋጥ አደረገው። ያን ጊዜ እግሬ አውጪኝ ማለት ነበረበት፤ ግን አጥንቱ እንዳያመልጠው ብሎ እዚያው ጥላው ሥር ተጋደመ።

እመት ጃርትና አህያ ሲመለሱ ቅርንጫፉ ባዶ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ጠፍራችንን አይተኸዋል?»

«የምን ጠፍር? እኔ ጠፍር አልበላም!»

«በላህ ማን አለህ?» አለች እመት ጃርት፣ አፉ ዙሪያ የሚያብለጨልጨውን ሞራ እያየች።

አህያ ማልቀስ ጀመረ። ፀሐይዋም አዘቀዘቀች፤ አያ አንበሶም ቀስቱን አንግቶ ደረሰ።

«አለቀ?»

«ጠፍር ብቻ ቀርቶታል ጌታዬ። ጠፍሩ ደግሞ አያ ጅቦ ሆድ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ሆዱን ቀደን እናውጣዋ!»

«ኧረ በሕግ! ማሩኝ!» አያ ጅቦ መሬት ላይ ተንከባለለ።

እመት ጃርት አሳዘናት። «መቅደዱ ይቅር ጌታዬ፤ የታኘከ ጠፍር ምን ያደርግልኛል? ከላይ ያለው የራሱ ቆዳ ግን ሰፊ ነው፣ ሞራም አይጎድለው። አያ ጅቦ፣ በጎንህ ተኛ። ስለቱን ወደ ኋላ ነው የምስበው፤ ካልተንቀሳቀስክ አይነካህም። ከተንቀሳቀስክ ግን እኔ የለሁበትም።»

አያ ጅቦ ተኛ። ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እንኳ እሽ አላለም። እመት ጃርት ሳትቸኩል ፍላጻውን ቆዳው ላይ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን እያገላበጠች፣ እያዜመች ሳበችው። ለፈተናውም የአህያን ጭን አላስቸገረችም፤ ስለቱን ዞር አድርጋ የአያ ጅቦን ጎን ከትከሻው እስከ ጭራው ሙልጭ አድርጋ ላጨችው።

ጎሾቹ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አያ አንበሶ አነጣጠረ፣ ለቀቀ፤ ጎሹ እዚያው ወደቀ። ሥጋውን ለራሱ አስቀርቶ፣ ቆዳውን ለእመት ጃርት ሰጣት። ከዚያም አህያን፣ «አንተ ሣርህን ጋጥ» አለው፤ አህያ በዕድሜው እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቃል ሰምቶ አያውቅም። አዲሱ ጠፍር ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀለ። አያ ጅቦም ራቁት ጎኑን ወደ ቁጥቋጦው አዙሮ ሲሾልክ፣ አህያ መላጣ ጭኑን ብቅ አድርጎ፣ «አያ ጅቦ፣ የኔ እንኳ በሥራ የመጣ ነው!» አለው።

ከዚህ የምንማረው ሌላውን ለማስጠቃት ብሎ የሥራ ዕቃ የሚያጠፋ፣ ዞሮ ዞሮ የዚያ ዕቃ ምትክ ራሱ እንደሚሆን ነው።